ሴሊያክ ላለበት ልጅ ከግሉተን ነጻ ምግብ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዴት እንግዛ?

ጥያቄ፦ እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። የስምንት ዓመት ልጃችን ለረጅም ጊዜ ሆዱን ሲያመውና ክብደት መጨመር ሲያቅተው ከቆየ በኋላ፣ በደም ምርመራና ከትንሹ አንጀቱ በተወሰደ ናሙና ሴሊያክ የተባለው ሕመም እንዳለበት በቅርቡ ተረጋገጠ። ሐኪሙ እንዳስረዱን ስንዴ፣ ገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀቱን ይጎዳዋል፤ ለዚህ ሕመም የሚዋጥ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው እነዚህ እህሎች የገቡበትን ማንኛውንም ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት በሶ የሚወድ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዳቦ ቆሎ የሚበላ ልጅ ስለ ነበር፣ የቤታችን ልማድ በአንድ ጊዜ ተለውጧል።

የምጽፍላችሁ ግን በዋናነት ስለ ዋጋው ነው። በሰፈራችን ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ግሉተን ፍሪ» (ከግሉተን ነጻ) የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች የተደረደሩበት ልዩ መደርደሪያ አለ፤ ከዚያ ላይ ዳቦ፣ ብስኩት፣ የቁርስ ሲሪያልና ፓስታ ስሰበስብ፣ ያውም ለአንድ ልጅ ብቻ፣ ሂሳቡ ለመላው ቤተሰብ ከምናወጣው የሳምንት ወጪ ጋር ይቀራረባል። መዳፍ የምታህል ቁራሽ ያላት ትንሽ ዳቦ ከ6 ዶላር በላይ ትሸጣለች። ቤተሰባችን አምስት ሰው ሲሆን የምንተዳደረው በባለቤቴ ገቢ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ልዩ መደርደሪያ የግድ መግዛት ያለብን የትኛውን ነው? የትኛውንስ ብንተወው ልጁ አይጎዳም? ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛው እንጀራ «የጤፍ ነው» ስለተባለ ብቻ ልንተማመንበት እንችላለን ወይ? እናቴ ከአዲስ አበባ የምትልክልን ሽሮና በርበሬስ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም በሙያችሁ የምታውቁት ብትመልሱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። ሕመሙ መታወቁ በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ብዙ ልጆች ለዓመታት ሳይታወቅላቸው ይቆያሉና።

ልዩው መደርደሪያ ውድ መሆኑ የእርስዎ ሱቅ ችግር ብቻ አይደለም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባደረጉት የዋጋ ንጽጽር ከግሉተን ነጻ የሆኑት ምርቶች ከተለመዱት አቻዎቻቸው በ240 በመቶ ውድ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲደግሙት ልዩነቱ ወደ 183 በመቶ ዝቅ ቢልም አሁንም ከባድ ነው። ምክንያቱም ምርቱ ከስንዴ በተለየ ቦታ መዘጋጀትና መመርመር አለበት፣ የሚመረተውም በአነስተኛ መጠን ነው። ስለዚህ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ርካሹን ለመፈለግ ብዙ ከመድከም ይልቅ ወደዚያ የምትሄዱበትን ምክንያት መቀነሱ ይበልጣል። እኔ ለቤተሰቦች ሁልጊዜ የምመክረው ከዚያ መደርደሪያ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ መርጠው የቀረውን ከሌላው የሱቁ ክፍል እንዲገዙ ነው።

በተፈጥሮው ግሉተን የሌለው ምግብ የሱቁን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፤ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ስለሌለው ብቻ ዓይናችን ያልፈዋል እንጂ። ሩዝ፣ ድንችና ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ ወተትና ተራ እርጎ፣ ያልተቀመመ ሥጋና ዓሣ፣ ማንኛውም ፍራፍሬና አትክልት፣ ደረቅ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ለውዝ እነዚህ ሁሉ ለልጅዎ ይሆናሉ። የወጥ ቤታችን ምግብም አብዛኛው ለዚህ የተመቸ ነው። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ቡላ፣ ዶሮ ወጥ፣ ቅመሙ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ስንዴ የሚገባበት ቦታ የላቸውም፤ በጾም ወራትም ልጁ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ገበታ ላይ ሊቀመጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ከእኛ ምግብ መቅረት ያለባቸው በሶ፣ ቅንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጨጨብሳ፣ አምባሻና ድፎ ዳቦ ናቸው። ጨጨብሳ ግን በጤፍ ዱቄት ቂጣ ይሠራል፤ ልጆችም ይወዱታል።

በዳቦ ምትክ በጣም የምመክረው የበቆሎ ቶርቲያ የተባለውን ቀጭን ቂጣ ነው። በላቲኖ ሱቆችም ሆነ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በብዛት ይሸጣል፣ ዋጋው ከልዩው ዳቦ ጋር አይወዳደርም፣ ለምሳ ዕቃም ይመቻል። የስንዴ ቶርቲያ አጠገቡ ስለሚቀመጥ ብቻ እሽጉን በጥንቃቄ ያንብቡ። ከልዩው መደርደሪያ የሚገዛው እንግዲህ ፓስታ፣ የጠዋት ሲሪያል፣ ምናልባትም ለልደትና ለመሳሰለው ቀን የሚሆን የኬክ ዱቄት ነው። እነዚህንም ሲገዙ ከታወቁት ብራንዶች በፊት የሱቁን የራሱን ምርት ይመልከቱ፤ አልዲ «ሊቭ ጂ ፍሪ» በሚል ስም የሚሸጠው መስመር አለው፣ ዎልማርትም በራሱ ብራንድ ብዙ ዕቃ ላይ ጽሑፉን ያደርጋል።

አሁን ስለ ጽሑፉ። በአሜሪካ «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ቃል በሕግ ትርጉም አለው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት ይህን የሚጽፍ ምርት በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ የሚይዘው ግሉተን ከ20 ክፍል በታች መሆን አለበት። ጽሑፉን ማድረግ ግን የአምራቹ ፈቃድ ስለሆነ፣ ስለሌለ ብቻ ምግቡ ግሉተን አለበት ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በ2004 የወጣው የአለርጂ ሕግ አምራቹ ስንዴ ካለበት በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ገብስን ግን አያስገድድም። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ይህንን ነው። «ስንዴ የለበትም» የሚል ዕቃ ውስጥ የገብስ ብቅል ሊኖር ይችላልና በዝርዝሩ ውስጥ «ማልት» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ከበቆሎ ብቻ የተሠራ የሚመስለው የኬሎግስ ኮርን ፍሌክስ የብቅል ማጣፈጫ አለበት፤ ራይስ ቼክስ የተባለው ግን ግሉተን ፍሪ ነው። ተራው የሶያ ሶስም ስንዴ አለበት። አጃ ደግሞ በራሱ ስንዴ ባይሆንም በማሳና በፋብሪካ ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ጽሑፉ ያለበትን ብቻ፣ ያውም ሐኪሙን ጠይቀው ይስጡት።

መልስ፦ ሴሊያክ ያለበት አባት፣ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

የባለሙያዋ መልስ ሙሉ ነው። እኔ ስለ እንጀራው፣ ስለ ሽሮውና ስለ በርበሬው ልጨምር፤ በኔ ግምት የሐበሻ ቤተሰብ ከልዩ መደርደሪያው ዕቃ ይልቅ የሚጎዳው በእነዚህ ነው።

እዚህ አገር በሐበሻ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ብዙው ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ነው። አንዳንዱ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄት፣ አንዳንዱ የገብስ ዱቄት ይገባበታል፤ እንጀራው እንዲለሰልስና ዋጋውም እንዲቀንስ የሚደረግ የቆየ ልማድ ነው እንጂ ማንም ሰውን ለመጉዳት አስቦ አይደለም። ስለዚህ «ይህ የጤፍ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ሻጩ በቅንነት «አዎ» ይልዎታል፤ ጤፍ አለበትና። ጥያቄው መሆን ያለበት ከጤፍ ሌላ ምን ዱቄት ገባበት፣ በዚያው ምጣድና በዚያው ቡሃቃ ድብልቁም ይጋገራል ወይ፣ እርሾውስ ከየትኛው ሊጥ የተወሰደ ነው የሚል ነው። ሦስቱንም በትዕግሥት የሚመልስ ጋጋሪ ካገኙ ደንበኛዎ ያድርጉት። ማረጋገጫ ያለውና «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የታሸገ ንጹሕ የጤፍ እንጀራም አለ፤ ከድብልቁ ይወደዳል፣ ነገር ግን ከልዩው ዳቦ ጋር ሲተያይ የሚያጠግበው እሱ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው በቤት መጋገር ነው። በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይመረታል፤ ማስካል በሚል ስም የሚሸጠው የዚያው ነው፣ በ25 ፓውንድ ማለትም በ11 ኪሎ ገደማ ጆንያም ይገኛል። በጆንያ ሲገዛ የኪሎው ዋጋ በሱፐርማርኬት በትንሽ እሽግ ከሚሸጠው በጣም ይቀንሳል፤ ሁለት ቤተሰብ ሆኖ መካፈልም ይቻላል። ንጹሕ ጤፍ ይሰባበርብኛል ብለው የሚሰጉ ካሉ መፍትሔው አብሲቱ ነው። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ወስደው፣ በፈላ ውኃ አብስለው፣ ቀዝቀዝ ሲል መልሰው ከቀላቀሉት ሊጡ ይያያዛል፣ ዓይኑም ይወጣል። ጤፉ በዛብን ካሉ ከሩዝ ዱቄት ጋር መደባለቅ ይቻላል፤ እንጀራው ነጣ ይላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። እርሾው ግን ከጎረቤት መወሰድ የለበትም፤ ጤፉን በንጹሕ ውኃ ለውሰው በራሱ እንዲቦካ ይተዉት። በቤት ውስጥ አምባሻ የምትጋግሩበት ምጣድ፣ የዱቄት ወንፊት፣ የእንጨት ማማሰያና ቡሃቃ ለልጁ የተለየ መሆን አለበት። በተለይ ወንፊት ታጥቦ አይጸዳም።

ከአገር ቤት የሚላከው ሽሮና በርበሬ ነገር ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የእናት ስጦታ ነው። ችግሩ ያለው እናት የምታስገባው ላይ ሳይሆን ወፍጮ ቤቱ ላይ ነው። የሰፈር ወፍጮ ጠዋት የአንዱን ስንዴ፣ ከሰዓት የሌላውን ገብስ ይፈጫል፤ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ዱቄት ከሚቀጥለው ሰው ሽሮ ጋር ይወጣል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ ሴሊያክ ላለበት ልጅ ግን ጥቂቱም ይጎዳል። እኛ ያገኘነው መንገድ ቤተሰቦቻችን የተቆላና የተከካ አተርና ሽምብራ፣ ያልተፈጨ ዛላ በርበሬና ያልተፈጨ ቅመም እንዲልኩልን ማድረግና እዚህ በቤት መፍጫ መፍጨት ነው። እናትዎ ሙያዋን አላጣችም፤ መቁላቱና ማመጣጠኑ የእሷ ሆኖ ይቀራል።

ምስርንም በተመለከተ አያቶቻችን እንደሚያደርጉት በሰፌድ ወይም በሰፊ ሰሐን ላይ ዘርግቶ መልቀም ያስፈልጋል። ምስር ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር በየተራ በሚዘራ ማሳ ላይ ስለሚበቅል ከከረጢቱ ውስጥ የስንዴ ፍሬ ይገኛል። ከለቀሙ በኋላ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በክፍት ሣጥን ውስጥ በኪሎ ከሚሸጥ እህልና ዱቄት ግን ፈጽሞ አይግዙ፤ አንዱ ማንኪያ ለሁሉም ይገባልና።

ጠያቂዋ እናት፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የወፍጮውን ነገር ማንም አልነገረን ነበር። ጥቂት ልጨምር። በሕንድ ሱቆች የማሽላና የዳጉሳ ዱቄት በርካሽ ይሸጣል፤ ለልጁ ልግዛው? ምግብ ማዘጋጀቱ እንዲቀልልን ብዬ መላውን ቤተሰብ ከስንዴ ላወጣ አስቤአለሁ፤ ጥሩ ነው? በትምህርት ቤት ምሳውስ ምን እናድርግ? በየቀኑ ከቤት መላኩ ለወጪያችን ከብዶናል።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በሕንድ ሱቅ ማሽላው «ጆዋር»፣ ዳጉሳው «ራጊ» ተብሎ ይሸጣል፤ ሁለቱም በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም፣ ለገንፎና ለቂጣም ድንቅ ናቸው። ሆኖም በ2010 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ በተፈጥሯቸው ግሉተን የሌላቸውን 22 የእህልና የዱቄት ናሙናዎች መርምሮ 7ቱ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ20 ክፍል በላይ ግሉተን ይዘው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ዱቄት በሆነ ጊዜ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ይምረጡ፤ ካላገኙ ሙሉውን እህል ገዝተው፣ ለቅመው፣ አጥበውና አድርቀው በቤት መፍጨት ይሻላል። ይህ ጽሑፍ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው በዱቄት ላይ ነው እንጂ «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ በተጻፈበት ውኃና ፍራፍሬ ላይ አይደለም።

መላው ቤተሰብ ከስንዴ ይውጣ ለሚለው አንድ ነገር ይጠብቁ። ሴሊያክ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ስላለው ወንድምና እህቶቹ፣ እናትና አባቱም የደም ምርመራ ማድረግ አለባቸው፤ ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ደግሞ ሰው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። መጀመሪያ ይመርመሩ፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የጋራው ገበታ ከግሉተን ነጻ ቢሆን ሥራም ወጪም ይቀንሳል፣ ልጁም ብቻውን አይቀርም። ሌሎቹ ዳቦ መብላት ቢፈልጉ በተለየ ቦታና ዕቃ ይሁን።

ሌላው ስለ ገንቢነቱ ነው። የልዩው መደርደሪያ ዳቦና ብስኩት ብዙው የሚሠራው ከሩዝና ከድንች ስታርች ስለሆነ፣ ብረትና ቪታሚን ቢ ከተጨመረበት ከተራው የስንዴ ዳቦ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አንጀቱ ተጎድቶ የቆየ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደሙ ያነሰ ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላልና ሥጋ እያሉ ለዚያ ብስኩት መክፈል ለልጁም ለኪስም አይጠቅምም።

መልስ፦ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ፣ ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ስለ ምሳው አይጨነቁ፤ መብትዎ ነው። የፌዴራሉን የትምህርት ቤት ምሳ ፕሮግራም የሚቀበል ትምህርት ቤት፣ እንደ ሴሊያክ ያለ ሕመም ላለበት ተማሪ በሐኪም የተፈረመ ማስረጃ ሲቀርብለት ምግቡን አስተካክሎ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ለዚህም ተጨማሪ ዋጋ መጠየቅ አይችልም። ልጅዎ በነጻ ወይም በቅናሽ የሚበላ ከሆነ የተስተካከለውም ምግብ እንዲሁ ነው። ፎርሙን ከትምህርት ቤቱ ነርስ ወይም ከወረዳው የምግብ አገልግሎት ቢሮ ይውሰዱ፣ የልጁ ሐኪም ይሙሉት፣ ቅጂውን ለራስዎ ያስቀምጡ። ፎርሙ እስኪጸድቅ ድረስ ምሳ ከቤት መላክዎን አያቋርጡ። ደግሞም ከሥራ አስኪያጇ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተው ምግቡ በየትኛው ጠረጴዛ እንደሚዘጋጅ ይጠይቁ፤ እኛ የምንሠራው ሰዎች ወላጅ ሲጠይቅ አይከፋንም፣ የበለጠ እንድንጠነቀቅ ያደርገናል።

ስናፕ የተባለውን የመንግሥት የምግብ ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ በካርዱ ከግሉተን ነጻ የሆነውንም ምግብ መግዛት ይቻላል። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን በቤት ካለና ዊክ የተባለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ የሚሰጣችሁ ከሆነም በዳቦው ፈንታ የበቆሎ ቶርቲያ ወይም ቡናማ ሩዝ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ሲመዘገቡ ለሠራተኛዋ ይንገሯት።

ስለ ግብርም ሰዎች ይጠይቁኛል። በሐኪም ለታዘዘ ምግብ ከተራው በላይ የከፈላችሁትን ልዩነት እንደ ሕክምና ወጪ መቁጠር ይቻላል፤ ነገር ግን ወጪዎቻችሁን ዘርዝራችሁ የምታቀርቡ መሆን አለባችሁ፣ ሂሳብ የሚገባላችሁም የሕክምና ወጪያችሁ ከተስተካከለው ገቢያችሁ 7.5 በመቶ ሲያልፍ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህ አይደርስም። ዘንድሮ ሌላ ከባድ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ ግን ደረሰኞቹን ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር አስቀምጡና ግብር ለሚሠራላችሁ ሰው አሳዩ። ከዚያ በፊት ግን የትምህርት ቤቱን ፎርም በዚህ ሳምንት ያስገቡ፤ መጽደቁ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።